ትራምፔት ልከራይ ወይስ ልግዛ? ለድሬዳዋና ለሐረር ጀማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ልጃቸው ወይም ራሳቸው ትራምፔት፣ ትሮምቦን ወይም ቱባ ሊማሩ የተነሡ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ስንት ያወጣል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ተራው ሦስተኛ ነው። ከእሱ በፊት መሣሪያው ሲበላሽ በቅርብ የሚያየው ሰው አለ ወይ፣ ቀጥሎም ተማሪው ከአራት ወር በኋላ መንፋቱን ይቀጥላል ወይ የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። ይህ ሳይታወቅ የተገዛ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው አልጋ ሥር ነው።

የመግዛትና የመከራየት ጉዳይ ለእኛ አዲስ የሆነበት ምክንያት አለ። በአገራችን የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያ ለረጅም ዘመን የነፊው የግል ንብረት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውና «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የነፉት ለመንግሥት ባንድ ነበር፤ ከእነሱ በኋላ የተቋቋሙት የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶችም መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ፣ ትንፋሹ የነፊው ሆኖ ኖሩ። ስለዚህ ጊታር ወይም ኪቦርድ እንደሚገዛው ሁሉ «ትራምፔት ይከራያል» የሚል ታፔላ ፍለጋ ከከዚራ እስከ መጋላ መዞር ድካም ነው። የሚሻለው መሣሪያው በእጃቸው ያለ ሰዎችን መፈለግ ነው፤ እነሱም የማርሽ ባንድ አባላት፣ የሠርግ ሙዚቀኞች፣ የኪነት ቡድኖች፣ የሰንበት ትምህርት ቤቶችና ከሠራዊት ወይም ከፖሊስ ባንድ በጡረታ የወጡ ነፊዎች ናቸው። እዚህ «ኪራይ» ስል በአብዛኛው ከእንዲህ ያለ ሰው ወይም ቡድን ጋር በወር የሚደረግ ስምምነት ማለቴ ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛው መሣሪያ እንደሆነ ይለዩ

የመከራየትና የመግዛት ሚዛን ከመሣሪያው ግዝፈት ጋር ይለዋወጣል። ትራምፔት ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በባጃጅ ጭን ላይ ተይዞ ይሄዳል፣ ገዢም አያጣም፤ ስለዚህ መግዛቱም መከራየቱም ያስኬዳል። ትሮምቦንም እንደዚያው ነው፤ ነገር ግን ተንሸራታቹ ቱቦ ሰባት የእጅ ቦታዎች ስላሉት ክንዱ ያልረዘመ ልጅ የመጨረሻዎቹ ላይ አይደርስም፤ ለልጅ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት መሣሪያውን አስይዘው እጁን እስከ መጨረሻው እንዲዘረጋ ያድርጉት። ቱባና በትከሻ ላይ የሚጠለቀው ሱሳፎን ግን ለግለሰብ ጀማሪ ፈጽሞ የሚገዙ አይደሉም። ቱባ እንደ ዓይነቱ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል፣ ዋጋው የትራምፔትን ብዙ እጥፍ ነው፣ ሊሸጥ ሲወጣም ገዢው አንድ ባንድ ወይም አንድ ተቋም ብቻ ነው። ቱባ የወደደ ልጅ ቱባ ያለውን ቡድን ይቀላቀል፤ ደንገጎን በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ለቱባ ሁለት መቀመጫ የከፈለ ሰው ምክሬ ይገባዋል። ፍሬንች ሆርንም በሌላ ምክንያት እዚሁ ይመደባል፤ ቫልቮቹ፣ ማለትም በጣት እየተጫኑ አየሩን ወደ ተለያዩ ቱቦዎች የሚመሩት ክፍሎች፣ የሚዞሩ ዓይነት ስለሆኑ ጥገናቸው ወደ ታችና ወደ ላይ ከሚንቀሳቀሰው የትራምፔት ቫልቭ፣ ከፒስተኑ፣ ይከብዳል።

ሳክስፎን ሰውነቱ ከነሐስ ቢሠራም ድምፁ የሚወጣው ከሸምበቆ ምላስ በመሆኑ የሚመደበው ከእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር ነው፤ አመራረጡም ጥገናውም ሌላ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ልጨምር። የነሐስ መሣሪያ የሚነፋው ከንፈርን በፊት ጥርሶች ላይ አሳርፎ በማንቀጥቀጥ ነው። የፊት የወተት ጥርሱ የወለቀበት ልጅ ቋሚው እስኪበቅል ድረስ ይቆይ፤ በዚያ ዕድሜ የተገዛ መሣሪያ የሚጠብቀው ጥርስን ነው።

ደረጃ 2፦ ከሻጭ በፊት ጠጋኝ ይፈልጉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በእኔ እምነት ግን በእኛ አካባቢ ውሳኔውን የሚወስነው እሱ ነው። ጊታር ክሩ ቢበጠስ ሌላ ክር ይገዛለታል። የትራምፔት ፒስተን ግን በቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ከፀጉር በሚቀጥን ክፍተት ነው፤ የድሬዳዋ አቧራ አንዲት ቅንጣት ብትገባበት ይነክሳል፣ በግድ ሲጫኑት ይጫራል፣ የተጫረ ፒስተን ደግሞ በእኛ ከተማ ባለ ተራ ብየዳ ቤት የሚመለስ ነገር አይደለም።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። የመጀመሪያ ትራምፔቴን በገዛሁ በሁለተኛው ወር ታናሽ ወንድሜ ሊያጸዳልኝ ፈታትቶ መልሶ ገጠመው። በማግሥቱ ስነፋው አየሩ ከግንብ ጋር እንደ ተጋጨ ሁሉ ወደ ጉንጬ ተመለሰ፤ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ወደ ሌላ ከተማ ልኬ አንድ ጠጋኝ ሦስት ሳምንት አቆይቶ የጥገና ተብሎ ከተከፈለው በኋላ እንደ ነበረ መለሰልኝ። በመጨረሻ በባንድ አገልግለው በጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ጋር ወሰድኩት። ግቢያቸው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሦስቱን ፒስተኖች አንድ በአንድ አወጡና ጉልበታቸው ላይ ባነጠፉት ነጠላ ላይ ደረደሯቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ቁጥሩን አንብብልኝ ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ። በእያንዳንዱ ፒስተን ላይ በጣም ደቃቅ ሆኖ 1፣ 2 እና 3 ተቀርጿል። አንደኛው በሦስተኛው ቤት፣ ሦስተኛው በአንደኛው ቤት ገብተው ነበር። ጋሼ በየቤታቸው መልሰው፣ መሪው ጥርስ ቀጭ ብሎ ስንጥቁ ውስጥ እስኪቀመጥ ድረስ ቀስ ብለው አዟዟሯቸውና «ንፋ» አሉ። ነፋሁ፤ ሠራ። ከእኔ የተቀበሉት የቡና ግብዣ ብቻ ነበር።

እንግዲህ መሣሪያ ከመፈለግዎ በፊት እንዲህ ያለ ሰው ማግኘትዎን ያረጋግጡ። በድሬዳዋም በሐረርም የቀድሞ የባንድ አባል የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ በበዓል ሰልፍ ላይ የሚነፋውን ቡድን ጠጋ ብሎ «መሣሪያችሁን ማን ያይላችኋል?» ማለት ብቻ ይበቃል። ሰው ካገኙ መግዛት የሚታሰብ ነገር ይሆናል። ካላገኙ ደግሞ ተከራይተው ይጀምሩ፤ የተከራዩት መሣሪያ ሲነክስ ችግሩ ቢያንስ የባለቤቱም ነውና።

ደረጃ 3፦ የአራት ወር የሙከራ ጊዜ ይያዙ

ጀማሪ ሁሉ፣ የወደፊቱ ጎበዝ ነፊም ሳይቀር፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት በኪራይ ወይም በውሰት መሣሪያ ቢያሳልፍ እመክራለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከንፈርን ከማንቀጥቀጥና አንድ ድምፅ ረጅም አድርጎ ከመያዝ አያልፉም፤ አሰልቺው ጊዜም ይኸው ነው። በአራተኛው ወር ላይ ልጁ ምን ያህል ዜማ እንዳወቀ ከመመዘን ይልቅ ሣጥኑን ሳይነገረው ይከፍታል ወይ የሚለውን ይመልከቱ። በሳምንት አራት ቀን ሳይነገረው የሚከፍት ልጅ ካለዎት ለመግዛት መዘጋጀት ይችላሉ።

በሙከራው ጊዜ መግዛት ያለብዎት አንድ ነገር ብቻ ሲሆን እሱም ማውዝፒሱ፣ ማለትም ከንፈር የሚያርፍበት ተነቃይ ክፍል ነው። መሣሪያው ይከራይ፣ ማውዝፒሱ ግን የራስ ይሁን። አንደኛው ምክንያት ጤና ነው፤ የሌላ ሰው ከንፈር የሚያርፍበትን ነገር መጋራት አይገባም። ሁለተኛው ደግሞ ከንፈር የሚለምደው ማውዝፒሱን ስለሆነ ነገ መሣሪያውን ቢለውጡ እንኳ ልምዱ አብሮ ይሸጋገራል። ለትራምፔት ጀማሪ በብዛት የሚመከረው 7ሲ የተባለው መጠን ነው። ለትሮምቦን ሲገዙ ግን የማውዝፒሱ ጭራ ቀጭንና ወፍራም የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ስላሉት የተከራዩትን መሣሪያ ይዘው ሄደው ገጥመው ካዩ በኋላ ይክፈሉ።

ልምምዱን በተመለከተ አንድ የጎረቤት ጉዳይ ላንሣ። ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ የእረፍትና የበርጫ ሰዓት መሆኑ ይታወቃል፤ በዚያ ሰዓት ረጅም ድምፅ የሚለማመድ ትራምፔት ነፊ ሰፈሩን ከነመርቃናው ይረብሻል። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ሙቀቱም ስለሚበርድ ለሁሉም ይሻላል። ግቢ የሚጋሩ ከሆነ ከመሣሪያው አፍ ውስጥ የሚወተፍ የድምፅ ማፈኛ በበጀትዎ ውስጥ ያስገቡ።

ደረጃ 4፦ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ይሥሩ

አሁን ወደ «ስንት ያወጣል?» እንመለስ። የመግዛት እውነተኛ ወጪ የሻጩ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ከገዙበት ዋጋ ላይ ሲሸጡት የሚያገኙት ተቀንሶ የሚቀረው ልዩነት ሲሆን፣ በዚያ ላይ የዘይት፣ የቅባትና የጥገና ወጪ ይታከልበታል። ይህን ድምር ለወር ኪራዩ ሲያካፍሉ ስንተኛው ወር ላይ መግዛት እንደሚያዋጣ ይነግርዎታል።

ለስሌት ማሳያ ብቻ የሚከተለውን እንውሰድ። ያገለገለ ትራምፔት በ45,000 ብር ተገዝቶ ከአንድ ዓመት በኋላ በ35,000 ብር ይሸጣል ብንል ልዩነቱ 10,000 ብር ነው። በዓመት ለዘይትና ለጥገና 2,000 ብር ቢወጣ ድምሩ 12,000 ብር ይሆናል። ኪራዩ በወር 1,500 ብር ከሆነ 12,000 ለ1,500 ሲካፈል 8 ይመጣል። እንግዲህ ከስምንት ወር በታች የሚነፋ ሰው ቢከራይ፣ ከዚያ በላይ የሚቀጥል ቢገዛ ይጠቀማል ማለት ነው። ቁጥሮቹን በጠየቁት እውነተኛ ዋጋ ይተኩ፤ አሠራሩ አይለወጥም። ለኪራዩ የሚያስይዙት መያዣ ገንዘብ ተመላሽ ስለሆነ ወጪ ተብሎ አይደመር፤ ነገር ግን ከእጅዎ የሚርቅ ገንዘብ መሆኑን አይርሱ።

ልብ የሚባል አንድ ነገር አለ። ይህ መሣሪያ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ዋጋው ሲንር ታይቷል፤ ስለዚህ በደንብ የተያዘ የታወቀ ስም ያለው መሣሪያ ከተገዛበት በላይ የሚሸጥበት ጊዜ ይኖራል። ይህ ወደ መግዛት የሚያዘነብል ምክንያት ቢሆንም በእሱ ብቻ አይገፋፉ፤ ትርፍ የሚያስገኘው የተጠበቀው መሣሪያ ነው፣ ፒስተኑ የተጫረው ዋጋው ለራሱም አይበቃም።

ለመግዛት ወስነው ገንዘቡ ባንድ ጊዜ ካልሞላ፣ በአራቱ የሙከራ ወራት ውስጥ እቁብ መግባት ጥሩ ዘዴ ነው። እጣዎ መጨረሻ ላይ ቢወጣ እንኳ አይከፋም፤ ልጁ መቀጠል አለመቀጠሉ በዚያ ጊዜ ይታወቃል።

ደረጃ 5፦ ከተከራዩ ውሉ በጽሑፍ ይሁን

«በዘመድ ነው፣ ምን ውል ያስፈልጋል» የሚለውን አነጋገር አይቀበሉ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሁለቱ ወገኖች ፊርማና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይስፈርበት። በውሉ ውስጥ መሣሪያው በስሙና በመለያ ቁጥሩ ይገለጽ፤ የትራምፔት መለያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በመካከለኛው ፒስተን ቤት ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በርክክቡ ዕለት ያለበትን እያንዳንዱን ጉድጓድና ጭረት በስልክ ፎቶ አንሥተው ለባለቤቱም ይላኩለት፤ ኋላ «አንተ ነህ ያጎደጎድከው» የሚለው ክርክር በዚህ ይቀራል። በተለመደ አጠቃቀም ለሚደርስ ጉዳት ማን እንደሚከፍል፣ ለመውደቅና ለመሰረቅስ ማን ኃላፊ እንደሚሆን ለየብቻ ይጻፍ።

ከሁሉ በላይ ግን የጥርን ነገር በውሉ ላይ ያስፍሩ። አከራይዎ ምናልባት ራሱ ነፊ ነው ወይም ለነፊዎች የሚያውስ ሰው ነው። ጥር ጥምቀትና ሠርግ የሚደራረቡበት ወር ነው፤ በሚያዝያና በግንቦትም ሠርግ አለ፣ በሰኔና በሐምሌ የተማሪዎች ምርቃት ይመጣል። በነዚህ ጊዜያት አንድ ትራምፔት በአንድ ቀን ሥራ ከእርስዎ የወር ኪራይ የበለጠ ሊያስገኝ ስለሚችል «ለሁለት ቀን ብቻ» ተብሎ የተወሰደ መሣሪያ ሳምንት ሲቆይ አይቻለሁ፤ ሲመለስም አፉ ተጣሞ የተመለሰ አጋጥሞኛል። ስለዚህ ወይ በውል ዘመኑ ውስጥ እንደማይወሰድ ይስማሙ፣ ወይ የሚወሰድባቸው ቀናት ተቆጥረው ከኪራዩ ይቀነሱ። ሙከራውን በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ከጀመሩ ልጁ ጥር ሳይደርስ መሠረት ይይዛል።

የከፈሉት ኪራይ በኋላ ከመሸጫው ዋጋ ላይ እንዲቀነስ መስማማትም ይቻላል። በውጭ አገር የሙዚቃ ሱቆች ይህን እንደ ተራ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ እዚህ ግን በድርድር የሚገኝ ነው። ባለቤቱ ለመሸጥ ሐሳብ ካለው ዋጋውን ዛሬውኑ ቆርጠው በውሉ ላይ ያስጽፉ፤ ዋጋ ሳይቆረጥ የተገባ ቃል ልጁ መሣሪያውን ከወደደው በኋላ ይወደዳል።

ደረጃ 6፦ ከገዙ እንዲህ ፈትሸው ይግዙ

ስም የሌለው አዲስ ወይስ የታወቀ ስም ያለው አሮጌ? የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው። እንደ ያማሃ፣ ባክ፣ ጁፒተር ያሉ የታወቁ ሠሪዎች መሣሪያ ሃያ ዓመት ቢያገለግልም መለዋወጫው ይፈለጋል፣ ይገኛል፤ ስም የሌለው አዲስ መሣሪያ ግን የሚያብረቀርቀው ቅቡ ሳይለቅ ፒስተኑ መልቀቅ ሊጀምር ይችላል፣ ያን ጊዜ ምን ዓይነት መለዋወጫ እንደሚገጥመው የሚያውቅ የለም። ከውጭ በዘመድ የሚያስመጡ ከሆነ የ«ቢ ፍላት» ትራምፔት መሆኑን አስረግጠው ይንገሩ፤ «ሲ» የሚባለው ዓይነት መልኩ ቢመሳሰልም ጀማሪን ከባንዱ ጋር ያጋጨዋል።

ፍተሻው በቀን ብርሃን፣ ሳይቸኩሉና ከተቻለ ነፊ ሰው አብሮዎት ሆኖ ይሁን። መጀመሪያ በዓይን ይጀምሩ። በሰፊው አፍ ላይ ያለ ትንሽ ጉድጓድ መልክ ቢያበላሽም ድምፅ አያበላሽም፤ ለመደራደሪያ ይጠቅማል። ከማውዝፒሱ ቀጥሎ ባለው ቀጭን ቱቦ ላይ ወይም በፒስተኖቹ ቤት ላይ ያለ ጉድጓድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የፒስተን ቤት ከተጨፈለቀ መሣሪያውን ይተዉት። ነሐስ ከመዳብና ከዚንክ የተቀላቀለ ማዕድን ስለሆነ በነፊው እርጥበትና ምራቅ ብዛት ዚንኩ ከውስጥ እየታጠበ ሊወጣ ይችላል፤ ምልክቱም በቢጫው መሐል የሚታዩ ሮዝ መሳይ ነጠብጣቦች ሲሆኑ፣ መሐላቸው ጠቆር ካለ ቱቦው ከውስጥ ወደ ውጭ እየበሰበሰ ነው። ይህን ለማየት ማውዝፒሱን ነቅለው በስልክ መብራት ያን ቀጭን ቱቦ በዙሪያው ይቃኙ። ቅቡ መልቀቁ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ቀጥሎ ፒስተኖቹን በተራ ይጫኑ። አንድ ጊዜ ቀጥ አድርገው፣ ሌላ ጊዜ ጣትዎን ወደ ዳር አድርገው በዝግታ ይጫኑ፤ መንከስ፣ መንቋቋት ወይም ዘግይቶ መመለስ ካለ ዘይት ጠብ አድርገው ይድገሙት። ከዘይት በኋላም ከቀጠለ በሽታው የዘይት እጦት አይደለም። ከዚያ የፒስተኖቹን ቁጥር ይመልከቱ፤ 1፣ 2 እና 3 ሆነው ካልተገኙ ወይም አንደኛው ከሌላ መሣሪያ የመጣ መስሎ ከታየዎት ተነሥተው ይሂዱ።

ሦስተኛው የቱቦዎቹ ፈተና ነው። ሁሉም ተንሸራታች ቱቦዎች በእጅ ኃይል ብቻ መውጣት አለባቸው። ከፒስተን ጋር የተያያዘ አንዱን ቱቦ ፒስተኑን ሳይጫኑ ፈጥነው ሲያወጡት ጠርሙስ እንደሚከፈት «ፖክ» የሚል ድምፅ ካሰማ አየር አይፈስም ማለት ነው፤ ዝም ብሎ ከወጣ ግን ፒስተኑ ወይም ቱቦው አልቋል። ማውዝፒሱ ተጣብቆ ከቀረ በፒንሳ እንዲነቀል ፈጽሞ አይፍቀዱ፤ ለዚህ የተሠራ መንቀያ አለው፣ በፒንሳ የተጠመዘዘ ቱቦ ብየዳው ይለቃል። ለትሮምቦን ደግሞ ተንሸራታቹን ከስር በእጅዎ እየደገፉ ወደ ታች ዘንበል ሲያደርጉት በራሱ ክብደት ያለ መደነቃቀፍ መውረድ አለበት፤ መሐል ላይ የሚቆም ከሆነ ታጥፏል።

በመጨረሻ ይነፋ። በስልክዎ ላይ የድምፅ መቃኛ መተግበሪያ ከፍተው መለኪያውን 440 ላይ ያድርጉትና ነፊው ከታችኛው ድምፅ እስከ ላይኛው በዝግታ ይውጣ። አየር ሲሞቅ የነሐስ መሣሪያ ድምፅ ከፍ እንደሚል ያስታውሱ። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ሜትር የምትጠጋና ቀዝቀዝ ያለች ናት፤ በድሬዳዋ ቀትር ላይ ወደ ላይ የወጣው ድምፅ በሐረር ማለዳ ሊስተካከል ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ከፍ ማለቱ አያስደንግጥ፤ ዋናው ነገር መቃኛው ቱቦ የሚጎተት ቦታ የቀረው መሆኑ ነው።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የባለቤትነቱን ነገር ያጣሩ። መሣሪያው ላይ ወይም ሣጥኑ ላይ የተቀረጸ፣ የተቀባ ወይም የተፋቀ የመሥሪያ ቤት ምልክትና የንብረት ቁጥር ካለ የተቋም ንብረት ሊሆን ይችላል፤ በሕጋዊ መንገድ መወገዱን የሚያሳይ ወረቀት ካልቀረበ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይንኩት። የመሸጫ ውሉንም መለያ ቁጥሩ ተጽፎበት ይያዙ፤ በመንገድ ላይ ቢጠየቁ የሚያሳዩት እሱን ነው።

ደረጃ 7፦ የተከራዩትንም የገዙትንም በአንድ ዓይን ይያዙ

ከመንፋት በፊት አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ግዴታ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም የሐረር ሀልዋ በልቶ የነፋ ሰው ጣፋጩን ፒስተኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በማግሥቱ ፒስተኑ ሙጫ እንደ ነካው ይሆናል። ዘይቱ ለፒስተን የተሠራው ዓይነት ይሁን። በሐረር መኪና ግርግር የሚያልፍ ሰው የልብስ ሰፊዎቹን ዘይት አይቶ ይጎመጃል፤ ግን የስፌት መኪና ዘይት ስለሚወፍር ፒስተኑን ያዘገየዋል፣ የሞተርና የምግብ ዘይትማ አይታሰብም። በወር አንድ ጊዜ ፒስተኖቹን አውጥተው በየተራቸው ለየብቻ አስቀምጠው ቱቦዎቹን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ይጠቡ፤ የፈላ ውሃ ቅቡን ያነሣል። ከነፉ በኋላ የምራቅ መልቀቂያውን ከፍተው እርጥበቱን ያውጡ፤ ሣጥኑን ከአቧራ ይዝጉ፣ በድሬዳዋ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ወይም ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይተዉት።

የተከራዩትን የሚመልሱበት ቀን ሲደርስ ከአንድ ቀን በፊት ያጽዱትና ዘይት ያድርጉለት፤ የርክክቡን ፎቶዎች ከፍተው ከባለቤቱ ጋር እያዩ ያስረክቡ። ሦስቱ ፒስተኖች በየቁጥራቸው መግባታቸውን በፊቱ አስነፍተው ያሳዩት። የራስዎን ማውዝፒስ ከሣጥኑ ውስጥ ማውጣትዎን አይርሱ፤ መያዣውን ተቀብለው ውሉ ላይ «ተረክቤያለሁ» አስብለው ያስፈርሙ፣ አንዱንም ቅጂ እርስዎ ያስቀሩ።